ሩክያ ድናለች

ነቀምቴ፣ ኅዳር 12 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለእህቴ ለሩክያ፣

አካም ጅርታ? ጤናሽ እንዴት ነው? አኖ ከገባሽ ወዲህ ሰውነትሽ እንዴት ከረመ? የዘመድሽ የኢማን ቁርስ ቤት ሥራ እንደሚበዛበት እህትሽ ዚነት ነግራኛለች። ከባድ ነገር እንዳታነሺ ብዬ እንደ ሐኪምነቴ ላስጠነቅቅሽ ነበር። ዛሬ ግን እንደዚያ ብዬ ለመጀመር ድፍረቱ የለኝም።

ዚነት ቢሮዬ ድረስ መጥታ መልእክትሽን አድርሳልኛለች። "ስልክ አይደውሉልኝ፤ የሚሉኝ ካለ በወረቀት ይጻፉልኝ" ብለሻል። እሺ። ይህን ደብዳቤ ከነቀምቴ አኖ የሚመላለሰው ሹፌር ታፋ ያደርስልሻል። በእጅሽ እንጂ ለሌላ ሰው እንዳይሰጥ አደራ ብዬዋለሁ።

የጠየቅሽኝ አንድ ነገር ነው፤ ፎቶዬን ማን ሰጣቸው ብለሻል። እኔ ነኝ።

እንዴት እንደሆነ ላስረዳሽ። የእናቶች ጤና ዘመቻውን የምመራው እኔ እንደሆንኩ ታውቂያለሽ። በየገጠሩ ምጥ በርትቶባቸው፣ ከዚያ በኋላ ሽንታቸውን መቆጣጠር አቅቷቸው፣ እርግማን ነው ብለው ጓዳ የተደበቁ ሴቶች አሉ። ሕክምናው በነጻ ነው ብለን በሬዲዮ ተናገርን፤ በየቀበሌው ዞርን፤ አይመጡም። አንዲት የዳነች ሴት ካዩ ግን ይመጣሉ ብዬ አሰብኩ። ያን ጊዜ ትዝ ያልሽኝ አንቺ ነሽ። ከሆስፒታል የወጣሽ ዕለት አዲሱን ቀሚስ ለብሰሽ በረንዳው ላይ ስትስቂ በስልኬ ያነሳሁሽ ፎቶ ነበረኝ። ስብሰባ ላይ ሳሳያቸው ሁሉም ወደዱት፤ በትልቅ ሸራ ታትሞ በየከተማው ተሰቀለ። እኔም ኮራሁ። አልቅሳ የመጣችን ሴት እንዲህ የሚያስቅ ሥራ ሠራን ብዬ ኮራሁ።

"ላንሳሽ?" ስልሽ እሺ ብለሽኝ ነበር፤ ወረቀቱም ላይ ፈርመሻል። ይህን የምልሽ ልከራከርሽ ፈልጌ አይደለም። ያለ ፈቃድሽ የሠራሁ እንዳይመስልሽ ብዬ ነው። ደግሞ ሩክያ፣ ይህ እኮ የሚያሳፍር በሽታ አይደለም። አንቺ ምንም አላጠፋሽም፤ አንገትሽን ልትደፊ አይገባም።

ባልሽ አገር ኡኬ ላይ ምን እንደተፈጠረ ዚነት ልትነግረኝ ጀምራ ለቅሶ አቋረጣት። ከፈቀድሽ አንቺ ጻፊልኝ።

ሐኪምሽ ፌኔት

*

አኖ፣ ኅዳር 20 ቀን 2016

ይድረስ ለዶክተር ፌኔት፣

አካም ጅርቱ? እንዴት ሰነበቱ? ቤተሰብዎ ደኅና ነው? እኔ አልሐምዱሊላህ ደኅና ነኝ። ሽንቴም ደኅና ነው። እሱን አስቀድሜ ልንገርዎትና ይረፉ።

ስልክ አይደውሉ ያልኩዎት ንቄዎት አይደለም። አንቱ ሲናገሩ እኔ እሺ ከማለት ሌላ ቃል አይመጣልኝም። በረንዳው ላይም እሺ ያልኩት ለዚያ ነው። ከዚያ ጉድ ያወጣኝ ሰው "ላንሳሽ" ሲለኝ እንቢ ልል ነው? ደግሞ ለራስዎ ማስታወሻ የሚያስቀሩት መስሎኝ ነበር። ወረቀቱንም የፈረምኩት ከሆስፒታል ለመውጣት የሚፈረም መስሎኝ ነው።

ኡኬ የሆነውን ልንገርዎት። የገበያ ቀን ነበር። አማቴ፣ የአበጋዝ እናት፣ በርበሬ ልትሸጥ ወጣች። ማንበብ አትችልም። ጤና ጣቢያው አጥር ላይ እኔን አየችኝ፤ ፊቴ በር አክሎ። ወላሂ ዶክተር፣ ደስ አላት። "የልጄ ሚስት ናት! ኑ እዩዋት!" ብላ የገበያውን ሰው ጠራች። የተሸለምኩ መሰላት። ከፊት ለፊት የስፌት መኪናው ላይ የተቀመጠውን ልብስ ሰፊ "ምን ይላል? እስቲ ለሰው ሁሉ አንብብልኝ" አለችው። ጽሑፉን አየና ወደ ስፌቱ አቀረቀረ። "ምነው? ድምፅህን ከፍ አድርገህ አንብበው እንጂ" አለችው። አነበበላት።

"ሩክያ ከፊስቱላ ድናለች። እናንተም ኑ።"

"ፊስቱላ ደግሞ ምንድን ነው?" አለች። ምን እንደሆነ ከሥር በኦሮምኛም በአማርኛም ተጽፏል። እሱንም አነበበላት።

ቤት ስትገባ አልሰደበችኝም። የተቀመጥኩበትን በርጩማ አየት አደረገችውና ዓይኗን አነሳች። በዚያ ፈንታ ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

አበጋዝ ሲያገባኝ የሚያውቀው የፊተኛው ትዳሬ ልጅ ሞቶብኝ እንደፈረሰ ነው። እሱ እውነት ነው፤ የቀረውን አልነገርኩትም። ልነግረው ነበር። ክረምቱ ይውጣ፣ እህሉ ይግባ፣ ወፍጮው ይጠገን እያልኩ ቆየሁ። ያን ዕለት ከወፍጮ ቤቱ ሲመጣ ዱቄቱን ከላዩ ሳያራግፍ በሩ ላይ ቆመ። "እውነት ነው?" አለኝ። "እውነት ነው" አልኩት። ዞሮ ወደ ወፍጮ ቤቱ ተመለሰ። በማግስቱ የነቀምቴን መኪና ይዤ፣ ከዚያ ወደ አኖ ተሳፈርኩ። ማንም ሂጂ አላለኝም። ዓይናቸውን እያየሁ መብላት አቅቶኝ ነው የወጣሁት።

በሽታው አያሳፍርም ብለውኛል። አንቱ ሐኪም ነዎት፤ በየቀኑ ያዩታል። እኔ ግን በገዛ አፌ ለባሌ ልነግረው የነበረውን ነገር ልብስ ሰፊ ገበያ መሃል አነበበው። ያፈርኩት በእሱ ነው።

አንድ ነገር ብቻ እለምንዎታለሁ። ያውርዱልኝ።

ሩክያ

*

ነቀምቴ፣ ታኅሣሥ 9 ቀን 2016

ለእህቴ ለሩክያ፣

ደብዳቤሽን ካነበብኩ በኋላ እንዴት ነሽ ብዬ ለመጀመር አፈርኩ። ቢሆንም እንዴት ነሽ?

ወርዷል። የኡኬውን ራሴ ቆሜ አስወረድኩ። ነቀምቴ መናኸሪያ ፊት ለፊት ያለውም፣ ሌሎች ከተሞች የተሰቀሉትም ወርደዋል። በየጤና ኬላው የተበተነውን ትንሹን ወረቀት ግን ሁሉንም ሰበሰብኩት ብልሽ ውሸት ይሆናል።

አንዱን ነገር ልደብቅሽ አስቤ ነበር። የመናኸሪያውን ሸራ ካወረዱት በኋላ ዘበኛው ጠንካራ ነው ብሎ ለእህል ነጋዴ ሰጥቶት ኖሯል። ገበያ ውስጥ ሳልፍ አየሁት። የበቆሎ ጆንያ ተሸፍኖበታል፤ ፊትሽ ወደ ሰማይ ነው፤ ጉንጭሽ ላይ ሚዛን ተቀምጦበታል። "ይህን ሽጥልኝ" አልኩት። "ዶክተር፣ አሮጌ ሸራ ምን ያደርግልዎታል? እህሌስ ምን ይልበስ?" አለኝ። ከጎኑ ካለው ሱቅ አዲስ ሸራ ገዝቼለት ያንን ጠቅልዬ ወሰድኩ። አሁን አልጋዬ ሥር ነው። ላቃጥለው አውጥቼው መልሼ አስገባሁት። ፊትሽን በእሳት ማየት አልቻልኩም። መቅደድም አልቻልኩም። ምን እንደማደርገው ንገሪኝ።

አሁን ደግሞ ደስ የሚያሰኝሽን ልንገርሽ። ባለፈው ማክሰኞ ኡኬ ወርጄ አበጋዝን አገኘሁት። ወፍጮውን አስቁሞ አዳመጠኝ። ምጡ እንዴት እንደከበደሽ፣ በቃሬዛ ሲያወርዱሽ ወንዙ ሞልቶ እንዴት እንዳገዳችሁ፣ ሕፃኑ ሆድሽ ውስጥ እንደሞተ፣ የፊተኛው ባልሽ ምን ብሎ እንዳስወጣሽ፣ አባትሽ ጓሮ ጎጆ እንደሠሩልሽና እዚያ ብቻሽን እንደኖርሽ፣ ሁሉንም አስረዳሁት። ልጅ ልትወልጂ እንደምትችዪ፣ በቀዶ ሕክምና መሆን እንዳለበትም ነገርኩት። አንድም ያስቀረሁት የለም። ራሱን አቀርቅሮ ሰማኝና "አመሰግናለሁ ዶክተር" አለኝ። ደግ ሰው ነው ሩክያ። አሁን ሁሉም ነገር ስለገባው የሚመጣ ይመስለኛል።

የበደልኩሽን በጥቂቱም ቢሆን የካስኩሽ መስሎኝ ያን ዕለት እንቅልፍ ወሰደኝ።

ፌኔት

*

አኖ፣ ታኅሣሥ 14 ቀን 2016

ፌኔት፣

ዛሬ አንቱ ልልሽ አልቻልኩም።

ማን ላከሽ? ወደ ባሌ ሂጂ ብዬሽ ነበር? ያውርዱልኝ አልኩ እንጂ ያስታርቁኝ አልኩ?

የአባቴን ጓሮ ጎጆ ምን ብለሽ ነው የምታወሪው? ያንን የነገርኩሽ አልጋ ላይ ተኝቼ፣ እጄን ይዘሽ፣ እያለቀስኩ ነው። የፊተኛው ባሌ ምን ብሎ እንዳስወጣኝ እናቴ እንኳ አታውቅም። አበጋዝ አሁን ያውቃል። ወፍጮ ቤቱ ውስጥ የሚያስፈጭ ሰውም ነበር አይደል? እሱም ያውቃል።

ፎቶውን ሳታስቢው ነው ብዬ ልተወው ነበር። ይሄን ምን ብዬ ልተወው? አንድ ነገር ተርፎኝ ነበር፤ ቀን ጠብቄ ለባሌ በራሴ አንደበት መንገር። እሱንም ቀድመሽ ነገርሽው። ከዚያ ደስ ይበልሽ ትይኛለሽ። እንቅልፍ ወሰደኝ ትይኛለሽ።

ሸራውን እንዳሻሽ አድርጊው። አትጻፊልኝ።

ሩክያ

*

ነቀምቴ፣ የካቲት 18 ቀን 2016

ለሩክያ፣

አትጻፊልኝ ስላልሽኝ አልጻፍኩም። ዛሬ ብዕር ያነሳሁት በዚነት በኩል ስለጠየቅሽኝ ነው። የጠየቅሽኝን ብቻ እመልሳለሁ።

ፌኔት ከኃላፊነት ተነሳች የሚባለው እውነት ነው። በእኔ ምክንያት ነው ወይ ላልሽው፣ አይደለም። በራሴ ምክንያት ነው።

ያ ደብዳቤሽ ሲደርሰኝ ቢሮ ሰው ሞልቶ ነበር። አንብቤ ወደ ኪሴ ከተትኩት። ስብሰባውን ስመራ ዋልኩ፤ ስለ እናቶች ክብር ተናገርኩ፤ አጨበጨቡልኝ። ማንም ፊቴን አይቶ ምን ሆነሻል አላለኝም። ያን ያህል ለምጄዋለሁ ማለት ነው።

ከዚያ ወደ ጉቶ ጊዳ ገጠር ወጣሁ። መኪና የማይገባበት ቀበሌ ነው፤ ወጣት ሐኪም ሳለሁ ለክትባት በእግሬ የምመላለስበት። ከከተማ ክሊኒክ ይልቅ ይህን ሥራ የመረጥኩት እዚያ ነበር። ሐኪም ደርሶበት በማያውቅ ቤት ደጃፍ ቆሜ ስሜ ሲጠራ ደስ ይለኝ ነበር። አሁን ግን አንዲት እናት በሯን ገርበብ አድርጋ በኦሮምኛ "ፎቶ የሚሰቅሉት እርስዎ ነዎት?" አለችኝ።

"አዎ፣ እኔ ነኝ" አልኳት።

"እኛ ቤት የታመመ የለም" አለችና ዘጋችው። ከውስጥ ቆርቆሮ ሲነካ፣ ሰው ሲንቀሳቀስ ሰምቻለሁ። ከግድግዳው ሥር ታጥቦ የተሰጣ ብዙ ጨርቅ አይቻለሁ። ምን እንደሆነ ለአንቺ አልነግርሽም። ልጅቱ እዚያ ውስጥ ናት፤ እኔ ዘጋሁባት።

ስመለስ አልጋዎቹን አየሁ። ሴቶቹ እንዲመጡ ብለን ከሰቀልን ወዲህ ከበፊቱ ያነሱ ናቸው የመጡት። ገንዘብ የሚሰጡን ሰዎች ለምን ብለው ጠየቁ፤ የአንቺ ቅሬታም በሰው በኩል ደርሷቸው ኖሯል። የሥራ ባልደረቦቼ "ፈርማለች፤ ያንን ጽፈሽ ይለፍ" አሉኝ። ፊርማሽን አውጥቼ አየሁት። ያስፈረምንሽ ወረቀት በእንግሊዝኛ ነው። ስምንተኛ ክፍል ያቋረጥሽ ልጅ ምን እንደፈረምሽ በምን ታውቂያለሽ? እኔ ግን አውቅ ነበር። ሳስፈርምሽም አውቅ ነበር፤ እሺ ማለትሽ ስለተመቸኝ አላነበብኩልሽም።

ስብሰባው ላይ ተነስቼ "አልተጠየቀችም፤ ያደረግኩት እኔ ነኝ" አልኩ። ዘመቻውን ሌላ ሰው ይምራው አልኩ። ማንም አልተከራከረኝም። ሩክያ፣ ይከራከሩኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። "አንቺ ከሌለሽ አይሆንም" እንዲሉኝ ጠብቄ ነበር። ዝም ሲሉ የተሰማኝ ኀፍረት ከሌላው ሁሉ የባሰ ነበር፤ እዚያም ላይ የማስበው ስለ ራሴ ነበርና።

አበጋዝ ዘንድ የሄድኩበትንም እውነቱን ልጻፈው። ለአንቺ ብዬ አልነበረም። ጥፋቴ ከላዬ ቶሎ እንዲወርድ ብዬ ነው። አንቺ እስክትወስኚ መጠበቅ አልቻልኩም።

አሁን ሆስፒታሉ ውስጥ እንደማንኛውም ሐኪም ተራዬን ጠብቄ እሠራለሁ። ይቅርታ አድርጊልኝ ብዬ አልጠይቅሽም። እሺ ማለት ስለሚቀናሽ ፈራሁ።

ፌኔት

*

አኖ፣ መጋቢት 16 ቀን 2016

ይድረስ ለዶክተር ፌኔት፣

እንዴት ሰነበቱ? እኛ ጾም ላይ ነን። ቁርስ ቤቱ ቀን ዝግ ነው፤ ለማፍጠሪያ ሳምቡሳ እየጠበስን እንሸጣለን።

አበጋዝ መጣ ወይ ብለው አልጠየቁኝም። ዚነት ስትነግረኝ "ልትጠይቀኝ አፏን ከፍታ ተወችው" አለችኝ። ስላልጠየቁኝ ልንገርዎት።

መጥቷል። ከአስር ሶላት በኋላ፣ ቀኑ ሲበርድ፣ እኔ ምድጃው አጠገብ ሳለሁ ገባ። ኢማን ስታየው እቃ ረሳሁ ብላ ወጣችልን። ቆሞ ቆሞ ተቀመጠ።

"ዶክተሯ ነግራኛለች" አለኝ።

"አውቃለሁ" አልኩት።

"ግማሹን አልሰማሁትም። ወፍጮውን አቁሜው ጆሮዬ ውስጥ ይጮህ ነበር። ደግሞ ከሰው አፍ ስሰማው ስለ ሌላ ሴት የሚወራ መሰለኝ። አንቺ ንገሪኝ።"

"ከየት ጀምሬ?"

"ከፈለግሽበት።"

ነገርኩት። ለአንቱም ያልነገርኩዎትን ነገርኩት። እዚህ አልጽፈውም።

ስጨርስ "ለምን ቀድመሽ አልነገርሽኝም?" አለኝ። "ብነግርህ ታገባኝ ነበር?" አልኩት። ሳምቡሳው ከሰል ሆነ። በኋላ "አላውቅም" አለኝ። ዓይኔን እያየ ነው ያለው። አዎ አገባሽ ነበር ቢለኝ ኖሮ ወላሂ አላምነውም ነበር። አላውቅም ሲለኝ ግን ከሱ ጋር መኖር እንደምችል ታወቀኝ።

"እኔም አፍሬብሻለሁ" አለኝ። "ሰዉ ሲያወራ ወፍጮዬ ድምፅ ውስጥ ተደበቅኩ እንጂ ሚስቴ ናት፣ ምን አገባችሁ አላልኩም።" እኔም ለሱ ይቅር ብያለሁ አላልኩትም። አብረን አፈጠርን። ከዒድ በኋላ ኡኬ እመለሳለሁ። ገበያው መሃል እንዴት እንደማልፍ አላውቅም። ሳስበው እስካሁን ፊቴ ይግላል። ቢሆንም ቤቴ ነው።

ደብዳቤ የጻፍኩልዎት ግን ለዚህ አይደለም። እዚህ ውሃ የምትቀዳልን አንዲት ሴት አለች። ግቢ ግቢ ስንላት አትገባም፤ ደጅ ቆማ በልታ ትሄዳለች። ገና የመጀመሪያ ቀን በአጠገቧ ሳልፍ ከጠረኗ ገባኝ። እኔ ካልገባኝ ለማን ይገባል? ጠጋ ብዬ ስለ ራሴ ነገርኳት። በፈቃዴ የነገርኳት ሁለተኛ ሰው ናት። ቀሚሴን ይዛ አለቀሰች። "እዚያ ስሄድ ማን ያየኛል?" አለችኝ።

ከዒድ በኋላ ባለው ሳምንት፣ ሐሙስ፣ ይዣት እመጣለሁ። አንቱ ራስዎ በሩ ላይ ይጠብቁን። ስሟን እንዳትጠይቋት። ከየት መጣሽ አይበሏት። ስልክዎን ቤት ትተውት ይምጡ። የሚነበብ ወረቀት ካለ እኔ ባለሁበት በምትሰማው ቋንቋ ይነበብላት፤ እንቢ ካለችም ሕክምናው እንዳይቀርባት።

እኔ ይቅር ብያለሁ አልልም። ሌላ ሐኪም ስለማላውቅ ነው የምጽፍልዎት። ደግሞ እጅዎ ጥሩ እንደሆነ አውቃለሁ።

ሩክያ

*

ነቀምቴ፣ መጋቢት 22 ቀን 2016

ለሩክያ፣

እንኳን ጻፍሽልኝ። እንደ ሌላው ጊዜ ብዙ አልጽፍም።

አልጋ ልለምን ወደ ዶክተር ቀነአ ሄጄ ነበር። ዘመቻውን አሁን የሚመራው እሱ ነው፤ ሥራ ሲጀምር በእኔ ሥር ነበር። ከቢሮዬ ደጃፍ፣ የእኔ በነበረው ማለቴ ነው፣ ከሌሎች ጋር ተሰልፌ ጠበቅኩ። "የታካሚዋ ስም?" አለኝ።

"አላውቅም።"

"ከየት ነው የምትመጣው?"

"እሱንም አላውቅም።"

"ታዲያ ፌኔት፣ ስለ እሷ ምን ታውቂያለሽ?" አለኝ እየሳቀ።

"ሐሙስ እንደምትመጣ" አልኩት። አልጋውን ሰጠኝ። በሩ የሚዘጋ ክፍል ነው። ወረቀቱ በኦሮምኛና በአማርኛ እንዲጻፍ ጠይቄያለሁ፤ እስኪጻፍ ድረስ እኔ እያነበብኩ እተረጉማለሁ፤ አንቺ አጠገቧ ትቆሚያለሽ። ያሳከምኳቸውን ሌሎች ሴቶች ፎቶም ከስልኬ ላይ አጥፍቻለሁ። ብዙ ነበሩ። አንዳቸውንም በደንብ ጠይቄ አላነሳሁም።

በሩ ላይ እጠብቃችኋለሁ። ምን ብዬ እንደምቀበልሽ ግን ገና አላገኘሁም። ስታዪኝ ፊትሽን ብታዞሪም አውቅልሻለሁ።

አሁን የምጠይቅሽ አንድ ነገር አለኝ። አበጋዝ ሸኝቶሽ የሚመጣ ከሆነ ሰላም ልበለው፣ ወይስ እንደማላውቀው ሰው ልለፈው? አንዱን ጻፊልኝ። እንቢ ብትዪኝም፣ ዝም ብትዪኝም፣ ቃልሽ ሳይደርሰኝ ወደ እሱ አልቀርብም።

ፌኔት